ጌም ቤቱ ቢዘጋ ጭንቀቱ ይዘጋልን?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ለአንባብያን አስተያየት በተመደበው ዓምድ የሚከተለውን ሐሳቤን እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ የአንድ ከተማ ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ እያገለገሉ ልጆች የሚያሳድጉ አንባብያን ቢያስቡበት ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ ቃሌ ትንሽ ቢረዝም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምኖረው በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ፣ በመካነ ሰላም ከተማ ነው፤ ሥራዬም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ነው። መካነ ሰላም ከደሴ ተነሥተው በአቀስታ በኩል ሲመጡ የምትገኝ የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ከዚያ ወዲያ የዓባይ ሸለቆ ከጎጃም ይለያታል። ከዋና ከተማ ብትርቅም የዘመኑ ጨዋታ ግን አልራቃትም። ፕሌይስቴሽን የሚያጫውቱ ቤቶች ተከፍተዋል፤ ስልክ የያዘ ወጣትም ጨዋታውን በኪሱ ይዞት ይዞራል። ስለዚህም ወሬው ብዙ ነው። እናት «ልጄ ከቤት ጠፋብኝ» ትላለች፤ መምህር «ተማሪዬ ከክፍል ቀረ» ይላል፤ ሽማግሌ ደግሞ «ይህ ሁሉ ቤት ባንድ ቀን ታሽጎ ቁልፉ ዓባይ ቢጣል ነው የሚሻለው» ይላል።

የሽማግሌው ቁጣ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን «ውኃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ» ነውና፣ ቤቱ ከመታሸጉ በፊት ልጁ ወደዚያ ለምን እንደሚሄድ መጠየቅ ይገባናል። በበኩሌ ጌም ቤት የወጣቶቻችን ጭንቀት የሚታይበት ቦታ ነው እንጂ ጭንቀቱ የሚወለድበት ቦታ አይደለም እላለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ልግለጽ። ጌም ቤት ማለት አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበርና በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ወጣቶቹ «ፊፋ» የሚሉት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ሁለት ልጆች ይገጥማሉ፤ የቀሩት ከኋላ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፤ ያስተቻሉም። በብዙ ስፍራ ልማዱ «ተሸናፊ ይከፍላል» ነው። ደካማው ልጅ ለራሱም ለአሸናፊውም ሒሳብ ይከፍላል፤ ያንንም ለመመለስ እንደገና ይገጥማል። በስልክ የሚጫወቱት ደግሞ እንደ ፐብጂና ፍሪ ፋየር ያሉትን የተኩስ ጨዋታዎች ነው። እነዚህ መዝጊያ ሰዓትም ባለቤትም የላቸውም፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ይቻላል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሚጫወት ሁሉ በሽተኛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በግንቦት 2011 ዓ.ም. አዲሱን የበሽታዎች መዝገብ ሲያጸድቁ ከጨዋታ ጋር የተያያዘ የጤና ችግር የሚባለውን አብረው አጽድቀዋል፤ መዝገቡም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ለዚህ ችግር የተቀመጡት ምልክቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሰውየው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም ራሱን መግዛት ሲያቅተው። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ከትምህርቱ፣ ከሥራውና ከሌላው ደስታው ሁሉ ሲበልጥበት። ሦስተኛ፣ ጉዳት እየደረሰበት እያየ ሲቀጥል ወይም ሲያብስ ነው። ይህም ሁሉ ኑሮውን በብርቱ የሚያውክና እንደ ወትሮው ቢሆን ቢያንስ ለ12 ወራት የቆየ መሆን አለበት። እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ለራት ቤቱ የሚገባውን ልጅ «ሱሰኛ» ብሎ መስደብ በሐኪም ሚዛንም ሆነ በፍርድ ሚዛን ልክ አይደለም። ስድቡ ራሱ ልጁን ከቤት አውጥቶ ስሙን ወደማይጠሩበት ቦታ ይገፋዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ልጁ ከምን ሸሽቶ ነው ወደዚያ የሚሄደው? ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ላይ ያለ ልጅ ያሳለፈውን ዘመን እንቁጠር። ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ዘልቆ ደሴና ኮምቦልቻ ለሳምንታት ተያዙ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ፤ በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖረ። እኛ ትልልቆቹ ይህን በወሬና በስብሰባ አሳለፍነው። ልጁ ግን ያደገበት ዕድሜ ይኸው ነው፤ ሌላ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይጠብቀዋል። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ያለውን ውጤት አንባብያን ያስታውሳሉ። ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ኩረጃ መቅረቱን የምደግፍ መምህር ነኝ፤ ውጤቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መሻሻሉ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ከመቶው ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ሐቅ ነው። ከእነርሱ የተሻለ ነጥብ ያላቸው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ያገኛሉ። የቀረው ልጅስ? ዐሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ ውጤቱን የሚያየው ጌም በሚጫወትበት በዚያው ስልክ ነው። ካየም በኋላ «አይዞህ፤ ቀጥሎ መንገዱ እንዲህ ነው» የሚለው ሰው ከሌለ፣ ስልኩ ግን «እንደገና ሞክር» ይለዋል።

ምስጢሩ ያለው ከዚህ ላይ ይመስለኛል። በጨዋታው ውስጥ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ውጤቱ ወዲያው ይነገራል፤ የተሸነፈ በደቂቃ ውስጥ ሌላ ዕድል ያገኛል፤ የደከመም ደረጃው ከፍ ሲል ያያል። ከጌም ቤቱ ውጭ ያለው ኑሮ ግን ለወጣቱ ከእነዚህ አንዱንም በወቅቱ አይሰጠውም። አምስት ወር አጥንቶ ለውጤቱ ወራት ይጠብቃል፤ ሥራ ፈልጎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይውላል፤ ለምን እንደ ወደቀ እንኳ የሚያስረዳው የለም። ድካሙ ፈጥኖ መልስ የሚያገኝበት ቦታ መሻቱ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የሰው ጠባይ ነው።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ንጹሕ ነው ለማለት አልፈልግም። ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በርግቦችና በአይጦች ላይ ባደረገው ምርምር እንዳሳየው፣ እንስሳይቱ መጫኛውን በነካች ቁጥር ምግብ ከምታገኝ ይልቅ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳታውቅ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ብታገኝ አብዝታና ሳትታክት ትነካለች። ቁማርተኛን ከጠረጴዛው የሚያስረው ይህ ነው። ዛሬ በስልክ የሚሰራጩ ብዙ ጨዋታዎች የተሠሩት በዚሁ ብልሃት ነው፤ ሽልማቱ በድንገት ይመጣል፤ ያልተጫወቱበት ቀን እንደ ኪሳራ ይቆጠራል፤ ጓደኛም «ና እንጂ» እያለ ይጣራል። በየጨዋታው ውስጥ ገንዘብ የሚያስከፍል ጌጥና መሣሪያም አለ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻውን ይህን ሁሉ ይቋቋማል ማለት ጠገራ ብር አስይዞ ገበያ መካከል ጥሎት እንደ መሄድ ነው።

«እንግዲያውስ በሕግ ይከልከል» የሚሉ አሉ። ይህን የሞከሩ አገሮች ስላሉ ከእነርሱ እንማር። ቻይና ከነሐሴ 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱትን ጨዋታ ዐርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰነች። ይህ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች በትክክለኛ ስሙ ተመዝግቦ ኩባንያዎቹም የሚቆጣጠሩበት ሥርዓት ስላላት የሞከረችው ነው። ደቡብ ኮሪያ በበኩሏ በ2004 ዓ.ም. ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ ከለከለች። ሕጉ የታሰበው ለኮምፒዩተር ነበርና ልጆቹ ወደ ስልክ ሲዞሩ ክልከላው አልተከተላቸውም፤ አንዳንዶቹም በወላጆቻቸው ስም ይገቡ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ኮሪያ ሕጉን አንሥታ ሰዓቱን ወላጅና ልጅ ተስማምተው እንዲወስኑ አደረገች።

ለእኛም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ጨዋታ ቀረን? አልቀረም። ፕሌይስቴሽን ኢንተርኔት አያሻውም፤ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ጨዋታም አለ፤ ይህም ቢጠፋ ከረምቡላ፣ ካርታና ጫት አሉ። የሚጨነቅ ሰው ማምለጫ አያጣም። ጌም ቤቱን ብቻ ዘግተን ብንቀመጥ ልጁ ከዚያ ወደ ባሰው ቤት እንዲሄድ መንገድ እናሳየዋለን።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ ትልልቆቹ አንድ ነገር ልናገር። የወሎ ሰው ጭንቀትን የሚያቀልበት ብልሃት አጥቶ አያውቅም። ወዳጃ አለን፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ የተቸገረው ችግሩን ይናገራል፤ የቀረው ዱዓ አድርጎ «አሚን» ይለዋል። ክርስቲያኑም ማኅበሩና ጽዋው አለው። ሐዘን ሲደርስ እድር ይደርሳል፤ ሥራ ሲበዛ ወንፈል ይወጣል፤ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይቀመጣል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለነውም ከሥራ በኋላ ተሰብስበን አለቃችንን ማማት እንኳ ሸክም እንደሚያቀል እናውቃለን። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ መካከል ለአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ የተዘጋጀለት ወንበር የትኛው ነው? ቡናው ሲፈላ የእርሱ ድርሻ ስኒ ማቀበልና ደጅ መውጣት ነው። «ልጅና ፊት አይበርደውም» እያልን ልጅ ምን ጭንቀት አለው ብለን እናልፈዋለን። በደጋው ውርጭ የኖረ ሰው ግን ልጅም ፊትም እንደሚበርዳቸው ያውቃል፤ ልዩነቱ ልጁ አለመናገሩ ነው። ሳይናገር በሄደበት ቤት ደግሞ እኩዮቹ ስሙን ጠርተው ይቀበሉታል፤ ተራም ይሰጡታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ የተባለ እንደሆነ፣ አቅማችን የሚፈቅደውን ብቻ ላመልክት።

በመጀመሪያ፣ ወላጅ ስልኩን ከመንጠቁ በፊት ልጁን ይጠይቅ። «ስንት ሰዓት ተጫወትህ?» ከሚለው ይልቅ «ዛሬ ምን ከበደህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ያወጣል። ከዚያም በቤቱ አቅም ሥርዓት ይደረግ። ማታ የቤተ ሰቡ ስልክ ሁሉ፣ የአባትም ጭምር፣ ከመኝታ ክፍል ውጭ ባንድ ቦታ ይደር። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ትምህርቱም ጠባዩም ይበላሻል፤ የራሱን ስልክ ትራሱ ሥር አድርጎ የሚተኛ አባት የሚሰጠው ምክርም አይሰማም። ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ በገንዘብ ጉዳይ መዋሸት ከጀመረ፣ ከጓደኞቹ ከተለየና ጨዋታ ሲከለከል ያለ መጠን ከተቆጣ፣ እንዲህም ሆኖ ከሰነበተ፣ ነገሩ ከቁጣ በላይ ነውና ወደ ጤና ባለሙያ ይወሰድ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ለጨዋታ ቦታ ይስጥ። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ጨዋታ እንደ ሒሳብና እንደ ጂኦግራፊ የራሱ ደወል ነበረው። የጨዋታው ደወል ሲደወል ክፍል ውስጥ መቅረት ክልክል ነበር፤ የማብቂያው ደወል ሲደወል ደግሞ ኳሱ በእግሩ ሥር ያለ ልጅ እንኳ ትቶት ይሄድ ነበር። መጀመርንና ማቆምን የተማርነው በዚያ ነው፤ ከላይ ያነሣሁት የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ይህን ማጣት አይደለምን? ዛሬ በብዙ ቦታ ከ10 ሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ በር ይቆለፋል፤ ሰፊው ሜዳ ለበግ ይቀራል፤ ልጁም ወደ ጠባቡ ክፍል ይሄዳል። በሩ እስከ 12 ሰዓት ቢከፈት፣ ቅዳሜም አንድ መምህር በተራ ቢገኝ፣ አንድ የመረብ ኳስና አንድ የገበጣ ሰሌዳ የሚያስወጡት ገንዘብ ብዙ አይደለም። ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም በአካባቢያችን ነው። ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን ይመጣል፤ ከተማሪዎቻችን ግን ብዙዎቹ በስዕል እንጂ በዐይናቸው አላዩአቸውም። ሰላም በሆነ ጊዜ የተፈጥሮ ክበብ አቋቁሞ በእግር መውሰድ ለተጨነቀ አእምሮ ትልቅ መድኃኒት ነው።

ሦስተኛ፣ ከፈተናው በፊትና ውጤቱ በወጣበት ሳምንት ምክር ይሰጥ። በየትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት የሚል ጽሑፍ በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ አለ፤ ጊዜ ተሰጥቶት የሚቀመጠው መካሪ ግን ይጠፋል። ነጥብ ያልሞላለት ልጅ ስለ አቅም ማሻሻያ፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ፣ ደግሞ ስለ መፈተን በግልጽ የሚያስረዳው አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጥለት ብዙ ጭንቀት ይቀልላል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን ግቢ አለው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ታናናሾቻቸውን ቢያስጠኑና ቢያጫውቱ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ጌም የሚወድ ልጅም ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ ቢማር መልካም ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለዚህ የሚሆን በር ነው። የአገራችን ወጣቶች «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርተው አሳይተዋልና ተጫዋች ብቻ ሆኖ መቅረት ዕጣችን አይደለም።

አራተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጌም ቤቶችን በማሸግ ፈንታ ሥርዓት ያስይዛቸው። የንግድ ፈቃድ ሲሰጥ በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳይገባ፣ ማታ በተወሰነ ሰዓት እንዲዘጋ፣ በገንዘብ መወራረድና «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚባለው ልማድ እንዲቀር ውል ይግባ። ባለቤቶቹም ብዙ ጊዜ ሥራ አጥተው በብድር የከፈቱ ወጣቶች ናቸው። ቤታቸው በድንገት ቢታሸግ የተጨናቂውን ቁጥር በአንድ እንጨምራለን፤ በሥርዓት ቢሠሩ ግን የትኛው ልጅ እየጠፋ እንደሆነ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ለወላጅ ይረዱታል።

አንዳንድ ሰው «አገር ስንት ችግር እያለባት የልጆች ጨዋታ ምን ያስጽፋል?» ይል ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ነገ ከእናንተ መዝገብ ቤት፣ ክሊኒክና ፍርድ ቤት ተረክቦ የሚሠራው ዛሬ በዚያ ጠባብ ክፍል ተራ የሚጠብቀው ልጅ ነው። መጠበቅን፣ መሸነፍንና እንደገና መነሣትን ያውቃል፤ ይህን በየቀኑ ያደርገዋል። የጎደለው ይህን ጠባዩን የሚያውልበት ሜዳ ነው።

ስለዚህ በየቢሮው ያላችሁ ወላጆች ሆይ፤ ስለ ጌም ቤት የሚወያይ ስብሰባ በየከተማችሁ ሲጠራ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ከሚዘጉት ቤቶች ዝርዝር ጎን ለጎን የሚከፈቱት በሮች ዝርዝር እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ስብሰባውም ላይ ከወጣቶቹ ሁለቱንና ሦስቱን ጠርታችሁ ቡናው ሳይጠጣ አስቀድመው እንዲናገሩ አድርጉ።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከመካነ ሰላም